ልብስና ግሥ፦ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የፈጠራ ምንጭና የአጻጻፍ ልማድ፣ ከሞያሌ ሲነበብ

ሞያሌ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ከተሞች ናት። አንደኛዋ በኬንያ ማርሳቢት ካውንቲ ጫፍ፣ ሁለተኛዋ በኢትዮጵያ ግዛት ስትሆን በመካከላቸው ኬላ አለ። በኬንያዋ ሞያሌ ገበያ አንድ ነጋዴ ከጎረቤቱ ጋር በቦረና ኦሮምኛ፣ ከመንግሥት ሠራተኛ ጋር በኪስዋሂሊ፣ ከሌላው ደንበኛ ጋር በሶማልኛ፣ ከአዲስ አበባ መስመር ከመጣ ሾፌር ጋር ደግሞ በአማርኛ ሊነጋገር ይችላል። ይህ ገበያ ለሰዋስው ሰው አንድ ጥያቄ ያቀርባል። ፊቱን የሸፈነ እንግዳ ቢመጣ፣ ወንድ ይሁን ሴት ሳይለይ በየትኛው ቋንቋ ሊያናግሩት ይቻላል?

በኪስዋሂሊ ችግር የለም። «አሜኩጃ» ያለ ሰው የመጣውን ሰው እንጂ ፆታውን አልተናገረም። ቋንቋው ለወንድና ለሴት የተለየ ተውላጠ ስምም፣ የተለየ ግሥም የለውም። በኦሮምኛ ነገሩ እኩል በእኩል ነው። እንግዳውን ፊት ለፊት ሲያናግሩት «ዹፍቴ» ማለት «መጣህ»ም «መጣሽ»ም ነው፤ ስለ እንግዳው ለሌላ ሰው ሲያወሩ ግን «ዹፌ» ካሉ ወንድ፣ «ዹፍቴ» ካሉ ሴት አድርገውታል። ሶማልኛም በዚህ ረገድ ከኦሮምኛ ጋር ይሄዳል። አማርኛ ግን በሁለቱም በኩል በሩን ይዘጋል። «ና» ወይስ «ነይ»? «ስምህ» ወይስ «ስምሽ»? «መጣ» ወይስ «መጣች»? አማርኛ ተናጋሪ እንግዳውን ከመጥራቱ በፊት መወሰን አለበት። የሚያመልጥበት አንድ መንገድ አክብሮት ነው፤ «እርስዎ» ፆታ የለውም። ሁለተኛው ማምለጫ የተናጋሪው ሳይሆን የእንግዳው ነው፤ «እኔ»ም ፆታ የለውም።

የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚንቀሳቀሰው በዚህ ጥያቄ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1908) ሮም ላይ ያሳተሙት፣ በኋላ በዋና ገጸ ባሕሪዋ ስም «ጦቢያ» ተብሎ የታወቀው መጽሐፍ፣ ወንድ ለብሳ ስለምትጓዝ ሴት ልጅ የሚተርክ ነው። አባቷ የጦር አለቃ ነበረ፤ ድል ሆኖ ተማረከ፤ ማንነቱን የማያውቀው አንድ ለጋስ ነጋዴ በገንዘቡ ነፃ አወጣው። መንታ ወንድሟ ዋሕድ ያን ባለውለታ ፍለጋ ወጥቶ በባርነት ወደቀ። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች፤ አባትና ልጅ ከአንድ አረመኔ ንጉሥ እጅ ይገባሉ፤ የንጉሡ ዘመድ የሆነች ሴት «ወጣቱን» ትወዳለች፤ ነገሩ ሲገለጥ ንጉሡ ራሱ ጦቢያን ይወዳል፤ ስለ እርሷም ሃይማኖቱን ይለውጣል። ዋሕድም ተገኝቶ እህቱን በስሕተት የወደደችውን ሴት ያገባል።

ይህን ሴራ ያነበበ ሁሉ ከየት መጣ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሁለት መንታ፣ ወንድ የለበሰች እህት፣ በስሕተት የምትወድ ወይዘሮ፣ በመጨረሻም ፍቅሯ ወደ ወንድምየው መዛወሩ፣ በ16ኛው መቶ ዘመን በሲየና ለመድረክ የበቃው «ጂ ኢንጋናቲ» የተባለ የጣልያን ኮሜዲ አጥንት ነው፤ ሼክስፒርም «አሥራ ሁለተኛው ሌሊት» በተባለው ተውኔቱ ተጠቅሞበታል። አፈወርቅ ወጣትነታቸውን በቶሪኖ የሥዕል ትምህርት፣ ጎልማሳነታቸውን በናፖሊ የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም መምህርነት ያሳለፉ፣ ጣልያናዊት ያገቡ ሰው ነበሩ፤ ይህ አጥንት በሚኖሩበት አየር ውስጥ ነበር። ነገር ግን ወደ ጣልያን ከመሻገራቸው በፊት የዘጌ ልጅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1868 የተወለዱባት ይህች የጣና ልሳነ ምድር የገዳማት አገር ናት። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በየዕለቱ በሚነበበው ስንክሳር ውስጥ ደግሞ የወንድ ልብስ ለብሰው፣ በወንድ ስም ተጠርተው፣ በወንዶች ገዳም ኖረው፣ ሲሞቱ ብቻ ሴትነታቸው የታወቀ ቅዱሳት አሉ፤ የመሪና ታሪክ ከእነዚህ አንዱ ነው። ስለዚህ የጦቢያ ልብስ ሁለት ሰፊዎች አሉት። የጣልያኑ ሰፊ ለሳቅና ለሠርግ ሰፍቶታል፤ የስንክሳሩ ሰፊ ለንጽሕና። የአፈወርቅ ጦቢያ ሠርጉን ከመጀመሪያው፣ ንጽሕናውን ከሁለተኛው ትወስዳለች። ከሁለቱም የማትወስደው ባርነቱንና ምርኮውን ነው፤ ያ ከጸሐፊው ዘመን የመጣ ነው።

ከሥዕል ትምህርታቸውም የቀረ ነገር አለ። በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሙሉ ፊቱን፣ ሁለት ዓይኑን ወደ ተመልካች አዙሮ ይሣላል፤ ከሐዲና ሰይጣን በአንድ ዓይን፣ በጎናቸው ይሣላሉ። የ«ጦቢያ» ገጸ ባሕርያት ጥልቀት የላቸውም የሚለው ነቀፋ የቆየ ነው፤ ልክም ነው። ጦቢያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሁለት ዓይን ናት፤ አትጠራጠርም፣ አትለወጥም። ነቀፋው የሚስተው ንጉሡን ነው። በአንድ ዓይን የተሣለው ሰው በመጽሐፉ መካከል ፊቱን ያዞራል። ከግድግዳ ሥዕል ይህ አይጠበቅም፤ ከልብ ወለድ ይጠበቃል። መጽሐፉ ልብ ወለድ የሚሆነው በጦቢያ ምክንያት ሳይሆን በዚህ ዙረት ነው ማለት ይቻላል።

ስለ አጻጻፍ ልማዳቸው የሚናገረው ዋናው ማስረጃ ግን ከልብ ወለዱ ውጪ ያለው ሥራቸው ነው። በ1905 (እ.ኤ.አ.) የአማርኛ ሰዋስው በጣልያንኛ አሳተሙ። በ1908 ልብ ወለዱ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ለአቢሲንያ መንገደኛ የተዘጋጀ የአማርኛና የፈረንሳይኛ የንግግር መምሪያ አወጡ። በ1909 ስለ ዳግማዊ ምኒልክ ጻፉ። በ1911 ስለ አማርኛ ግሥ ብቻ የሚናገር መጽሐፍ በጣልያንኛ አሳተሙ። እነዚህ ከስድስት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ የተሠሩ ናቸው። ቀን ቀን ለናፖሊ ተማሪዎች «ሄደ፣ ሄደች፣ ሄድህ፣ ሄድሽ» እያሉ የግሥ ሰንጠረዥ የሚዘረጉ መምህር፣ ልብ ወለድ ሊጽፉ ሲቀመጡ የመረጡት ሴራ የግሡ ሰንጠረዥ ራሱ አደጋ የሚሆንበትን ሴራ መሆኑ እንደ አጋጣሚ ሊታለፍ አይገባም። ጣልያንኛ «አንተ»ንና «አንቺ»ን በግሥ አይለይም፤ «ጂ ኢንጋናቲ»ን የሚጫወቱ ተዋንያን ወንድ የለበሰችውን ልጅ ሲያናግሩ ምላሳቸው በእያንዳንዱ ግሥ አይፈተንም። በአማርኛ ግን ጦቢያን የሚጠራት ሰው ሁሉ በእያንዳንዱ ግሥ ወይ ይዋሻል ወይ ያጋልጣታል። አባቷ ሳይቀር። ልጁን በሰው ፊት «ና» ያላት አባት ልብሷን በምላሱ መስፋት ግድ ሆኖበታል።

ከዚህም የሚከተለው ነገር የመጽሐፉን ግብረ ገብ ይነካል። ጦቢያ ስለ ራሷ ስትናገር «መጣሁ፣ አየሁ፣ ፈራሁ» ማለት ትችላለች፤ በእነዚህ ቃላት ውስጥ ፆታ የለም፤ ስለዚህ ውሸት የለም። ውሸቱ ያለው በሁለተኛና በሦስተኛ መደብ፣ ማለትም በሌሎች አፍ ነው። የስንክሳሩን ንጽሕና ለጀግናው ማቆየት የፈለገ ደራሲ ከአማርኛ ሰዋስው የተሻለ ረዳት አያገኝም ነበር። ሌሎች ያታልላሉ፣ ይታለላሉ፤ «እኔ» ብቻ ሳይበላሽ ይቀራል።

ይህን ሁሉ «ሰምና ወርቅ» ብሎ መደምደም ለአማርኛ ሐያሲ ቀላል ነው፤ ቀላል ስለሆነም ይዘወተራል። ግን ሰም ቀልጦ የሚጣል ነው፤ ወርቁ ከታወቀ በኋላ ሰሙ ሥራ የለውም። የጦቢያ ልብስ እንዲህ አይደለም። ንጉሡ የወደዳት ልብሱ ካመጣት መንገድ የተነሣ ነው፤ ዋሕድም ሚስቱን ያገኘው ልብሱ በፈጠረው ስሕተት ነው። ልብሱ ቢወገድ ታሪኩ ራሱ አይኖርም። የአፈወርቅ ልማድ መሸፈን ነው፤ ግን ሽፋኑ ራሱ የሚሠራ ሽፋን ነው። የንግግር መምሪያው ይህንኑ ያሳያል፤ መንገደኛ ምን ብሎ ምግብና ማደሪያ እንደሚጠይቅ የሚያስተምር እየመሰለ፣ በተነጋጋሪዎቹ አፍ የሹማምንትን ግፍና የአገሩን ኋላ ቀርነት አምርሮ ይነቅፋል። የሰዋስው ትምህርት የለበሰ ክስ ነው።

የልብ ወለዱ ርእስ ደግሞ ከሁሉ የሰፋውን ልብስ ለብሷል። መጽሐፉ ሲታተም ስሙ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ከዚያ በፊት የአማርኛ አንባቢና አድማጭ ሁለት ዕቃ ቤት ነበሩት። «ታሪክ» የሆነውን፣ «ተረት» ያልሆነውን ይይዛል፤ ተረት ደግሞ «ተረት ተረት» ተብሎ «የመሠረት» እስኪመለስ ድረስ አይጀምርም፤ ሰሚው ሐሰት መሆኑን አውቆ፣ ፈቅዶ ይገባል። አፈወርቅ «ታሪክ» የሚለውን ስም ይዘው «ልብ ወለድ» የሚል ቅጥያ አለበሱት፤ ልብ የወለደው፣ ግን ታሪክ። በአማርኛ ልብ የስሜት ብቻ ሳይሆን የማስተዋልም ማደሪያ ነው፤ «ልብ አለው» የተባለ ሰው አስተዋይ ነው፤ «ልብ በል» ማለት አስተውል ማለት ነው። ስለዚህ ስሙ በሌሎች ቋንቋዎች ለፈጠራ ድርሰት ከተሰጡት ስሞች አብዛኛዎቹ የሌላቸውን ነገር ይዟል፤ የተፈጠረው ነገር ከማስተዋል የተወለደ መሆኑን። ከዚያ በኋላ «ታሪክ» የሚለው ወልቆ «ልብ ወለድ» ብቻውን የዘርፉ ሁሉ ስም ሆነ። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ወዳጄ ልቤ» ብለው ልብን ራሱን ተጓዥ ወዳጅ ሲያደርጉት፣ ቃሉ ገና ትኩስ ነበር።

እዚህ ላይ የምናብ ድርሰትን ድንበር በሚመለከት ለአፍሪካ ቋንቋዎች ጥናት የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ዛሬ በሌላው ዓለም የመናፍስትና የፍቅር ልብ ወለድ ሲባል፣ ተራውን ዓለም ጥሶ የገባ መንፈስ ከሰው ጋር የሚያፈቅርበት ድርሰት ማለት ነው። እንዲህ ያለው ዘርፍ በመጀመሪያ መንፈስ የማይገባበት ተራ ዓለም ይፈልጋል። የአማርኛ ተረካ ይህን ግድግዳ እዚያ ላይ አላቆመም። ዛር ያደረባት ሴት፣ ዓይነ ጥላ የተጣባው ወንድ፣ ቡዳ የበላው ሕፃን የምናብ ፍጡራን ሳይሆኑ የጎረቤት ወሬ ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ውስጥ ባሎቿ እየሞቱባት ሰው የሚሸሻትን ውድነሽ በጣሙን ሲያመጡ፣ ልጇን በዛብህንም በስለት አስረው ሲያሳድጉት፣ የማይታየው ኃይል ከዕዳና ከግብር ጎን ቁጭ ብሎ ይሠራል እንጂ እንደ ተአምር አይታወጅም። በሞያሌ ዙሪያም እንደዚሁ ነው። የቦረና ዘመን አቆጣጠር ሃያ ሰባት ስም ያላቸው ቀኖች አሉት፤ እያንዳንዱ ቀን የራሱ አያና አለው፤ ለሥርዓት የሚበጀውን ቀን አያንቱ ያውቃል። ይህ ለቦረና ሽማግሌ የቀን መቁጠሪያ ነው፤ ሌላ ቦታ ያለ አሳታሚ ቢያገኘው የምናብ ድርሰት መደርደሪያ ላይ ያኖረው ነበር።

አፈወርቅ በልብ ወለዳቸው ዛርም ጋኔንም አላስገቡም። ከዚያ ይልቅ የአማርኛ አንባቢ በእውነት የማያውቀውን ነገር ፈጠሩ፤ ስም የሌለው አገር። የጦርነቱ ሜዳ፣ የንጉሡ ከተማ፣ የነጋዴው መንገድ በካርታ አይገኙም፤ ዘመኑም ንጉሠ ነገሥት እየተጠቀሰ አይቆጠርም። የዘመኑ ጽሑፍ ግን በስም የተሞላ ነበር፤ ዜና መዋዕል አገርን፣ ሹምን፣ ቀንን ሳይጠራ አንድ ገጽ አይሄድም። አንባቢውን ያስደነገጠው ምናብ መንፈስ አልነበረም፤ የቦታ ስም መጥፋቱ ነበር። በዚያ ስም በሌለው ምድር ላይ ስም ያላት ልጅቱ ብቻ ናት ለማለት ይቀርባል፤ እርሷም የተጠራችው ሕዝቡ አገሩን በሚጠራበት ስም ነው።

የዓመቱ ግጥጥሞሽ ከሞያሌ ሲታይ ይከብዳል። የኢትዮጵያና የብሪታንያ ምሥራቅ አፍሪካ ወሰን ስምምነት የተፈረመው ታኅሣሥ 6 ቀን 1907 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ሻለቃ ቻርልስ ግዊን የመሩት የወሰን ኮሚሽን መስመሩን መሬት ላይ የለካው በ1908ና በ1909 ነው። ሮም ላይ ወሰን የሌለው የአማርኛ ምድር ሲታተም፣ እዚህ ጉድጓድና ኮረብታ እየተቆጠረ በሁለት ወገን ይከፈል ነበር። አንዱ የሌላው ምክንያት አይደለም። ነገር ግን የሞያሌ አንባቢ መጽሐፉን ከአዲስ አበባው አንባቢ በተለየ ቦታ ቆሞ እንዲያነብ ያደርገዋል።

ያ ቦታ የንጉሡ ሰፈር ነው። ቦረና ወደ ምኒልክ ግዛት የገባው በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው፤ «አረመኔ» የሚለውም ቃል የደጋው ሰው ለቆላውና ለደቡቡ ሕዝብ ከሚሰጣቸው ስሞች አንዱ ነበር። መጽሐፉ የንጉሡን ሕዝብ ስም አይሰጠውም፤ ቋንቋ አይሰጠውም፤ ሃይማኖቱን ሲለውጥም ምን እንደተወ አይናገርም። የልብ ወለዱ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው፤ ከገጸ ባሕርያቱ ጥልቀት ማጣትም ይብሳል። ወሰን የሌለው ምድር የፈጠረው ደራሲ በዚያ ምድር ላይ አንድ ወሰን ብቻ ተወ፤ ያም በማን በኩል እንደተሰመረ ግልጽ ነው። ጦቢያ ልብስ ለብሳ ተሻገረች፤ ንጉሡ ግን የራሱን አውልቆ ነው የተሻገረው። ለሁለቱ የተጠየቀው ዋጋ እኩል አይደለም።

በዚህ ሁሉ መካከል ሳይጎድል የቆመው ሰው ነጋዴው ነው። ጦረኛን የሚያወድስ የጽሑፍ ልማድ ባለበት አገር፣ ንግድ ከጦር በታች በሚቆጠርበት ዘመን፣ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ቸርነትን ለነጋዴ ሰጠ። ጦረኛው ተማረከ፤ ነጋዴው ዋጀው፤ ስሙንም ሳያስታውቅ ሄደ። ደራሲው በኋላ ራሳቸው በኤርትራ ንግድ ሞከሩ፤ ነጋድራስ ተብለው የድሬዳዋን ጉምሩክ መሩ። ለሞያሌ አንባቢ ይህ ነጋዴ ከንጉሡም ከጦቢያም ይልቅ የሚታወቅ ሰው ነው። በቋንቋ ድንበር ላይ የሚኖር፣ ለሁሉም በየቋንቋው የሚመልስ፣ ማን መሆኑን መናገር የማይጠበቅበት።

ደራሲው ግን በሕይወታቸው የለበሱት ልብስ እንደ ጦቢያ ልብስ አልወለቀላቸውም። በአድዋ ጦርነት ዘመን ከጣልያኖች ወገን ነበሩ። በኋላ ተመልሰው የኢትዮጵያን መንግሥት በሮም ወከሉ። ከ1928 ዓ.ም. ወረራ በኋላ እንደገና ወደ ጣልያን ወገን ሆነው «አፈ ቄሣር» ተባሉ፤ ከነፃነት በኋላም ተፈርዶባቸው ጅማ በግዞት፣ ዓይናቸው ጠፍቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ሞቱ። ሥራቸውን ከዚህ ለይቶ ማንበብ የሚፈልግ ሐያሲ አለ፤ ልብ ወለዱን ሁሉ የክህደት መቅድም አድርጎ የሚያነብም አለ። ሁለቱም ከጽሑፉ አጠገብ ያልፋሉ። በልብ ወለዱ ውስጥ መሸፈን የሚጠቅመው «እኔ» ሳይበላሽ እስከቀረ ድረስ ነው፤ ያ ደግሞ የግሥ ሰንጠረዥ ለጦቢያ የሰጣት ስጦታ እንጂ ጸሐፊው በኑሯቸው ያገኙት አይደለም። በስማቸው ላይ «አፈ» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ መምጣቱን ጠላቶቻቸውም ልብ ብለውታል፤ የተወለዱበት የወርቅ ነበር፤ የተሾሙበት የቄሣር ሆነ። አፍ የማን እንደሆነ የሚያሳየው ደግሞ ሁለተኛውና ሦስተኛው መደብ ነው።

መጽሐፉን በሞያሌ ወደሚነገሩ ቋንቋዎች ለመመለስ የሚነሣ ተርጓሚ የሚገጥመው ፈተና ከዚህ ይጀምራል። በኦሮምኛ ጦቢያን የሚያናግሯት ሁሉ ሳይዋሹ ያልፋሉ፤ ሲያሟት ግን ይዋሻሉ፤ ስለዚህ ማታለሉ ከፊቷ ወደ ጀርባዋ ይዞራል፤ አባትየውም ልጁን ሲጠራ ነፃ ይወጣል። በኪስዋሂሊ ማንም አይዋሽም፤ ተርጓሚው ልብሱን በልብስነቱ ብቻ፣ በጨርቅና በመቀነት መግለጽ ይኖርበታል፤ ማንነቷ የሚገለጥበትንም ቦታ «ይህ ልጅ ሴት ነው» በሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር መተካት ግድ ይሆንበታል። በአማርኛ ያ ሁሉ በአንድ ፊደል ያልቃል፤ «ልጄ፣ ና» ይላት የነበረ አባት «ነይ» ሲላት።